ከመጋረጃ በስተኋላ የተማሩ የድንጋይ ሊቅ

ሴት ልጅን እስከ ምን ድረስ ማስተማር ይገባል የሚለው ነገር በየቤቱ ሲነሣ እንሰማለን። እኛም በቃል ከመከራከር ይልቅ የአንዲቱን ሴት የትምህርት ዘመን መተረክ ይሻላል ብለን፥ ጂኦሎጂ የሚባለውን የመሬትና የድንጋይ ጥናት እስከ መጨረሻው ማዕርግ የተማሩትን የአሜሪካዊቱን የወይዘሪት ፍሎረንስ ባስኮምን ታሪክ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሪት ባስኮም በ1862 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት ዊልያምስታውን በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጆን ባስኮም መምህር ነበሩ፤ በ1874 የዊስኮንሲን ዩኒቬርሲቴ አስተዳዳሪ ሆነው ስለ ተሾሙ ቤተ ሰቡም ተከትሎ ወደዚያ ሄደ። እኒህ አባት ሴቶችና ወንዶች ባንድነት ይማሩ የሚለውን አሳብ የሚደግፉ ሰው ስለ ነበሩ ልጃቸውን ከዚያው አስገቧቸው። ልጅቱም በ1882 የሥነ ጽሑፍ፥ በ1884 የሳይንስ፥ በ1887 ደግሞ በጂኦሎጂ የማስተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ባለጸጋ አባት ለልጁ ርስትና ጌጥ ይሰጣል፤ ዳሩ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ማዕርግ በማዕርግ ላይ ሲደረብ ታግሦ የሚጠብቅ አባት ብዙ አይገኝም።

በዚያን ጊዜ ድንጋይን በማይክሮስኮፕ መመርመር ገና አዲስ ጥበብ ነበረ። በአገራችን ግንበኛ ድንጋዩን በመዶሻ ነካ አድርጎ ከድምፁ ብቻ ጽኑውንና ልሙን ይለያል። ይህም ዕውቀት ነው፤ ነገር ግን ድንጋዩ እንዴት እንደ ተፈጠረ አይናገርም። የጂኦሎጂ ተማሪ ከተራራው ቈርሶ ያመጣውን ድንጋይ በመጋዝ ከቈረጠ በኋላ በመስተዋት ላይ ይለጥፈዋል፤ ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትር እስኪሆን ድረስም ይሞርደዋል። ጥቂት ቢያበዛ ቍራጩ ተሰባብሮ ይጠፋል፤ ጥቂት ቢያሳንስ ብርሃን አያልፍበትም። በልኩ ከተሠራ ግን ያ ጥቍር ወይም ዐመድማ ድንጋይ እንደ መስተዋት ብርሃን ያሳልፋል፤ በልዩ ማጣሪያ በተመራ ብርሃን ሲታይም በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ማዕድን በየመልኩ ይለያል። ትዕግሥትና የእጅ ልስላሴ የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ፥ ጥልፍ የምታውቅ እጅ ይህን አትችልም የሚል ሰው ነገሩን አልመረመረም።

ወይዘሪት ባስኮም ለዶክተርነት ማዕርግ ለመማር በ1891 በባልቲሞር ከተማ ወዳለው ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቬርሲቴ ገቡ። ይህ ትምህርት ቤት ለከፍተኛው ማዕርግ ሴቶችን በደንብ መቀበል የጀመረው በ1907 ስለ ሆነ የገቡት በልዩ ፈቃድ ነው። ፈቃዱም ቢሆን በክፍሉ ማዕዘን ከመጋረጃ በስተኋላ ተቀምጠው እንዲሰሙ ነበረ፤ ምክንያቱም ወንዶቹ ተማሪዎች አሳባቸው እንዳይበተን ነው ተባለ። እኛስ የሚገርመን፥ አሳባቸው የሚበተነው ወንዶቹ ከሆኑ መጋረጃው ለእነርሱ ሊጋረድ ሲገባ ትምህርቷን አጥብቃ ለምትከታተለው መጋረዱ ነው።

ለዶክተርነት የመረመሩት በፔንሲልቫኒያ የሚገኘውን ሳውዝ ማውንቴን የተባለውን ተራራ ነው። በዚያ ያሉት ድንጋዮች ብዙ ዘመን በውሃ ተጠርገው የተከማቹ ደለል ናቸው ሲባል ኖሯል። መምህራቸው ፕሮፌሰር ጆርጅ ዊልያምስ ግን ከእሳተ ገሞራ የወጡ ናቸው የሚል አሳብ ነበራቸው፤ ተማሪይቱም ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ተነሡ። ከተራራው የሰበሰቡትን ድንጋይ ሞርደው በማይክሮስኮፕ ቢያዩት፥ ቀልጦ ሲፈስ የተዘረጋው መስመር፥ ትኩስ ሳለ የነበረው የአየር አረፋ፥ የመስተዋትም ስንጥቅ ምልክት ተገኘ። ቆዳ የሚፋቅበትን ባልጩት ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ባልጩት በድንገት የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ መስተዋት ነው፤ እጅግ ረጅም ዘመን ከቈየ በኋላ ግን መስተዋትነቱን ትቶ ወደ ጥቃቅን ማዕድናት ይለወጣል። የሳውዝ ማውንቴን ድንጋይም እንዲህ ያለ አሮጌ መስተዋት ሆኖ ተገኘ፤ ወይዘሪት ባስኮምም አፖሪዮላይት ብለው ስም አወጡለት። በ1893 ዶክተር ተባሉ፤ ከዚያ ዩኒቬርሲቴ ይህን ማዕርግ በማግኘትም የመጀመሪያዪቱ ሴት ሆኑ።

ጥቂት ጊዜ በኦሃዮ ካስተማሩ በኋላ በ1895 ብሪን ማወር ወደሚባለው የሴቶች ኮሌጅ ሄዱ። ለጂኦሎጂ የተሰናዳ ክፍል ስላልነበረ በዕቃ ማከማቻ ቦታ ድንጋይና መጻሕፍት ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። በ1896 የአሜሪካ መንግሥት የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ረዳት አድርጎ ቀጠራቸው፤ ለሴት ይህን ሥራ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበረ። ከዚያ ወዲህ በክረምት ያስተምራሉ፤ በበጋ መዶሻቸውን ይዘው በፈረስ ጋሪ እየዞሩ የአገሩን ካርታ ይሠራሉ። ማስተማሩን የተዉት በ1928 ነው፤ ያረፉትም በ1945።

ካስተማሯቸው ሴቶች ውስጥ አና ጆናስና ኤሊኖራ ብሊስ በሙያው ስመ ጥሩዎች ሆኑ። እኒህ ሁለቱ ዊሳሂከን ስለሚባለው ድንጋይ ዕድሜና አነባበር ከመምህራቸው የተለየ አሳብ አውጥተው፥ በታተመ ጽሑፍ በግልጥ ተከራከሯቸው።