ሰርጉ ወይስ ተራራው? ሁለት ካሜራዎች፣ ሁለት ዓይነት ሥራዎች

ሙሽሮቹ በካህናቱ ፊት ቆመዋል። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለው ብርሃን የጧፍና የጥቂት አምፖሎች ብቻ ነው፤ ፍላሽ ማብራት አልተፈቀደም። አክሊሉ በሙሽራዋ ራስ ላይ የሚያርፍባት ቅጽበት አጭር ናት፤ አትደገምም። ፎቶግራፍ አንሺው በዚያች ቅጽበት የሚይዘው ወይም የሚያመልጠው ምስል፣ ከወራት በፊት ካሜራውን ሲገዛ ባደረገው ምርጫ በከፊል ተወስኗል።

በውጭ አገር እየኖረ ቅዳሜና እሁድ ሰርግና ክርስትና በማንሳት ገቢውን ለሚደጉም ሰው ካሜራ የወራት ቁጠባ የሚፈስበት ዕቃ ነው። ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ሲጓዝም ሰሜን ተራሮችን ወይም ላሊበላን በዚያው ካሜራ ማንሳት ይሻል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ለሰርግ የሚስማማው መሣሪያ ለተራራ ጉዞ የግድ አይስማማም።

ለንጽጽር ያህል፣ በመካከለኛ ደረጃ ከሚመደቡት «ሚረርለስ» ወይም መስታወት አልባ ካሜራዎች መካከል ሁለቱን እንውሰድ። የመጀመሪያው በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የሶኒ «አልፋ 7 ፎር» ነው። ሁለተኛው በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ይፋ የተደረገው የፉጂፊልም «ኤክስ-ቲ 5» ነው። በአሜሪካ ገበያ ሲወጡ ያለ ሌንስ የሶኒው ዋጋ 2,499 ዶላር፣ የፉጂፊልሙ ደግሞ 1,699 ዶላር ነበር።

ሜጋፒክስል ብቻውን አይዳኝም

ብዙ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው የሜጋፒክስል ብዛትን ነው። ፉጂፊልም 40፣ ሶኒ 33 ሜጋፒክስል አላቸው። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትልቅ ይመስላል። ይሁን እንጂ የፉጂፊልሙ ምስል በወርዱ 7,728፣ የሶኒው 7,008 ነጥቦች ስላሉት ልዩነቱ በወርድ ሲለካ አሥር በመቶ ያህል ብቻ ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ በሆነ የኅትመት ጥራት የመጀመሪያው 65፣ ሁለተኛው 59 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሥዕል ይወጣዋል። ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ቢታዩ ለይቶ የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነው።

ዋናው ልዩነት ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ነው። ሶኒ «ፉል ፍሬም» የሚባለውን፣ 36 በ24 ሚሊ ሜትር የሚጠጋውን ሴንሰር ይጠቀማል። የፉጂፊልም ሴንሰር «ኤፒኤስ-ሲ» የሚባለው ሲሆን 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ነው። የሶኒው በስፋት 2.3 እጥፍ ያህል ይበልጣል። በሌንሱ ቀዳዳ ቁጥርና በመዝጊያው ፍጥነት እኩል ቢሆኑ፣ በጠቅላላው ያን ያህል የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል ማለት ነው። በጨለማ ቦታ ይህ ብልጫ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ የቀነሰበት፣ የፊት ቀለም የጠራበት ምስል ሆኖ ይታያል።

እስክስታና የእጅ መንቀጥቀጥ

ሁለቱም ካሜራዎች የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያርም መሣሪያ በውስጣቸው አላቸው። በአምራቾቹ መግለጫ መሠረት የፉጂፊልሙ እስከ 7 ስቶፕ፣ የሶኒው እስከ 5.5 ስቶፕ ያግዛል። በዚህ መለኪያ ፉጂፊልም ይቀድማል፤ ሆኖም ይህ መሣሪያ የሚያረጋጋው የአንሺውን እጅ ብቻ ነው። በላሊበላ ጨለም ያለ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሞ ግድግዳውንና ዓምዱን ለሚያነሳ ሰው እጅግ ይጠቅመዋል፤ ድንጋይ አይንቀሳቀስምና።

በሰርግ አዳራሽ ግን ነገሩ ይለወጣል። እስክስታ የሚመታን ትከሻ ማንኛውም ማረጋጊያ ሊያቆመው አይችልም፤ 1/250ኛ ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ መዝጊያ ያስፈልጋል። ፈጣን መዝጊያ ደግሞ ብዙ ብርሃን ይጠይቃል። ሰፊው ሴንሰር ዋጋውን የሚያስከብረው በዚህ ጊዜ ነው። ሶኒ ዓይንን ለይቶ በመከተል ረገድም በተጨናነቀ ጭፈራ መሐል ይበልጥ የሚታመን ነው።

ነጭ ልብስና ጠይም ፊት

በሐበሻ ልብስ ያጌጠን ጉባኤ ሲያነሱ ሁለቱም ካሜራዎች ሊሳሳቱ ይችላሉ። የብርሃን መለኪያው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማቅረብ የተሠራ ነው። ፍሬሙ በነጭ ነጠላና ቀሚስ ሲሞላ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሰዋል፤ ያን ጊዜ ፊቶች ይጠቁራሉ። መፍትሔው በአውራ ጣት የሚዞረውን የብርሃን ማስተካከያ ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ከፍ ማድረግና የጥለቱ ዝርዝር እንዳይጠፋ መመልከቻውን መከታተል ነው። ምስሉን በ«ሮው» ፋይል ማስቀመጥም በኋላ ለማረም ሰፊ ዕድል ይሰጣል። ይህን ዕውቀት የትኛውም ውድ ካሜራ አይተካውም።

ለቪዲዮም ልዩነት አለ። የሶኒው ስክሪን ወደ ጎን ተከፍቶ ወደ ፊት ይዞራል፤ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያም አለው። በፉጂፊልም ድምፅን ለመከታተል በዩኤስቢ-ሲ በኩል የሚገናኝ መሸጋገሪያ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ሶኒ በሰከንድ 60 ፍሬም የፎርኬ ቪዲዮ ሲቀርጽ የሴንሰሩን መካከል ብቻ ስለሚጠቀም እይታው በ1.5 እጥፍ ይጠባል፤ በጠባብ ክፍል ይህ ያስቸግራል። በሁለቱም ላይ ያለው ጥምር የካርድ ማስገቢያ ግን እኩል የሚመሰገን ነው፤ አንዱ ካርድ ቢበላሽ የሰርጉ ቅጂ በሌላው ይገኛል።

ተራራ ላይ ክብደት ይናገራል

ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከዚያም ወደ ጭነቅ በእግሩ የሚጓዝ ሰው ግን ሌላ ስሌት አለው። የፉጂፊልም አካል 557 ግራም፣ የሶኒው 658 ግራም ይመዝናል። ክፍተቱ የሚሰፋው ሌንስ ሲጨመር ነው። ፉጂፊልም ከሲግማ 18-50 ሌንስ ጋር 840 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሶኒ ከታምሮን 28-75 ሌንስ ጋር 1.2 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በጠራ የቀን ብርሃን ገደሉንና ጭላዳውን ለሚያነሳ ሰው የሴንሰሩ ስፋት እምብዛም አይፈይድም፤ የትከሻው ዕረፍት ግን ይፈይዳል። የፉጂፊልም መዘውሮች የመዝጊያውን ፍጥነትና አይኤስኦን ከላይ በቁጥር ስለሚያሳዩም፣ ረጋ ብሎ ለሚሠራ ሰውና ለተማሪ ይመቻሉ።

ሌንሱ ይበልጣል

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዲሉ፣ ገንዘቡን ሁሉ በአካሉ ላይ አፍስሶ ደካማ ሌንስ የሚገዛ ሰው ያሰበውን ብልጫ ያጣዋል። ፉጂፊልም በኤፍ 1.4 ሌንስ፣ ሶኒ በኤፍ 2.8 ዙም ሌንስ እኩል የመዝጊያ ፍጥነት ቢጠቀሙ፣ ትንሹ ሴንሰር ያለው ካሜራ በጠቅላላው 1.7 እጥፍ ያህል የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል። በሁለቱ አካላት መካከል የነበረው የ800 ዶላር ልዩነትም እንዲህ ያለ ሌንስ፣ ተጨማሪ ባትሪና ካርድ ለመግዛት ብዙ ያግዛል። አካል በጥቂት ዓመታት ይለወጣል፤ የሌንስ ስብስብ ግን ባለቤቱን ለረጅም ጊዜ ከአንድ አምራች ጋር ያስተሳስረዋል።

እንግዲህ ከዋጋው በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ፣ በዓመት ውስጥ ከሚነሱት ምስሎች አብዛኞቹ የት ይነሳሉ የሚለው ነው። መልሱ ቤተ ክርስቲያንና የማታ አዳራሽ ከሆነ፣ ሥራውም እንጀራ ከሆነ፣ ሶኒ ጭማሪውን ይክሳል። መልሱ ጉዞ፣ መልክዓ ምድርና የመንገድ ሕይወት ከሆነ ፉጂፊልም በቂ ነው፤ የተረፈው ገንዘብም ለሌንስ ይሁን። ሁለቱም እኩል ለሚያጓጓው ሰው ደግሞ ከመግዛቱ በፊት ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ተከራይቶ መሞከር ከማንኛውም የቁጥር ሰንጠረዥ የተሻለ ዳኛ ነው።