የመጀመሪያ ቮልሳችሁን ስትገዙ

ቀለሙ አያታልላችሁ። ዝናብ በሚበዛበት እንጅባራ የቮልስ ዋና ጠላቱ ዝገት ነው። የኋላ መቀመጫውን አንሱና ባትሪው የተቀመጠበትን ወለል በካቻቪቴ ጫን ጫን አድርጉት። ከበሮቹ ሥር ማግኔት አስጠጉ፤ ካልያዘ ስቱኮ ነው። እዚያው መቀመጫው ሥር መሀል ላይ የተመታው የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ቀብድ እንዳትከፍሉ!

ሞተሩን አጥፍታችሁ የታችኛውን ፑሊ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሳቡት፤ ጎላ ብሎ ከተንቀሳቀሰ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። እኔ ላሜራው ከተበላው ይልቅ ሞተሩ የደከመውን እመርጣለሁ፤ ሞተር ይታደሳል።

ዳንግላ ወርዳችሁ ወደ እንጅባራ ስትመለሱ ጉልበቱ በዳገቱ ይለያል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ቁሙ።