በሄሊኮፕተር የሚጎተተው መሣሪያ የባሕር ፈንጂን እንዴት ያመክናል?

በአውሮፓውያኑ 1984 ሐምሌና ነሐሴ በስዊዝ ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር ሲጓዙ የነበሩ ከ15 በላይ መርከቦች ከሥራቸው በተነሣ ፍንዳታ ተመቱ። መስመሩ ከአውሮፓ ወደ ምጽዋና ወደ አሰብ የሚያመሩ ጭነቶችም የሚያልፉበት ነበር። ጥርጣሬው ያረፈው ጋት በተባለች የሊቢያ የጭነት መርከብ ላይ ሲሆን፣ ሊቢያ ግን አስተባብላለች።

ፈንጂ ለማጽዳት ወደ አካባቢው ከመጡት መካከል አርኤች-53ዲ የተባሉት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሄሊኮፕተሮች ይገኙበታል። እነዚሁ ሄሊኮፕተሮች በ1974 የስዊዝ ቦይን በማጽዳት ሥራም ተሰማርተው ነበር።

የሄሊኮፕተር ዋነኛ ጥቅም ግልጽ ነው፤ አየር ላይ ያለን ነገር የባሕር ፈንጂ አይነካውም። ብዙዎቹ ዘመናዊ ፈንጂዎች ባሕሩ ወለል ላይ ተኝተው የመርከብን ብረት መግነጢሳዊ ኃይል፣ የሞተሩን ድምፅ ወይም የውኃውን ግፊት ለውጥ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ሥራው ፈንጂውን ማታለል ነው። ሄሊኮፕተሩ በረጅም ገመድ የሚጎትተው ማርክ 105 የተሰኘ ተንሸራታች፣ ፍጥነት ሲያገኝ በክንፍ መሰል እግሮቹ ከውኃው በላይ ከፍ ይላል። በላዩ የተገጠመው ተርባይን ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩ ከኋላ በሚከተሉት ኬብሎች አልፎ የትልቅ መርከብ ዓይነት መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ማርክ 104 ደግሞ የመርከብን ድምፅ ያስመስላል። በሰንሰለት ታስረው ለሚንሳፈፉት የቆዩ ፈንጂዎች የሚያገለግለው መቁረጫ የተገጠመለት ገመድ ነው፤ ሰንሰለቱ ሲቆረጥ ፈንጂው ብቅ ይላል፣ ከዚያም ይመታል።

ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። አብራሪው ግን ከኋላው ያለውን ተጎታች በመስታወት እየተከታተለ፣ ዝቅ ብሎ፣ ቀጥ ባለ መስመር ለሰዓታት መብረር አለበት። አንዳንድ ፈንጂዎች የሚያልፉ መርከቦችን ቆጥረው፣ ከተወሰነ ቁጥር በኋላ ብቻ ስለሚፈነዱ አንድ ጊዜ ማለፍ በቂ አይደለም። ፍንዳታ አለመሰማቱም ባሕሩ ንጹሕ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። አሜሪካ ራሷ ያጠመደቻቸውን ፈንጂዎች በ1973 ከሃይፎንግ ወደብ ስታጸዳ የፈነዳው አንድ ብቻ ነበር፤ አብዛኞቹ ጊዜያቸው ሲያልፍ በራሳቸው መክነው ነበር።

በቀይ ባሕሩም ዘመቻ ምስጢሩን የፈታው ሄሊኮፕተር አልነበረም። በሶቪየት ኅብረት የተሠራውን ፈንጂ አግኝተው ያወጡት የብሪታኒያ ጠላቂዎች ናቸው።

በኋላ ሥራውን የተረከበው ባለ ሦስት ሞተሩ ኤምኤች-53ኢ አርጅቷል። እንዲተካው የታሰበው ቀለል ያለ ኤምኤች-60ኤስ ከባዱን መሣሪያ ለመጎተት አቅም አነሰው። በመሆኑም ፈንጂን ከአየር ሆኖ በሌዘር ማሰስ የእርሱ ሥራ ሲሆን፣ ጉተታው ወደ ሰው አልባ ጀልባዎች ተዛውሯል።