«የእናትየው እርግማን ነው» ስለሚባለው የከንፈር መሰንጠቅ አይጦች ምን አስተማሩን?

ዛሬ ዜና ሳይሆን ትንሽ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይዘን መጥተናል። ነገሩ የሚጀምረው ከላቦራቶሪ አይጥ ነው፤ የሚያርፈው ግን እዚሁ እኛ ጋ ነው፤ ፍኖተ ሰላምም፣ ጂጋም፣ ቡሬም፣ ገጠሩም ውስጥ።

ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው እናቲቱ ላይ ነው። እርግማን ነው ይባላል፣ የፈጣሪ ቁጣ ነው ይባላል፣ «እርጉዝ ሆና የማይሆን ነገር አይታ ነው» ይባላል። ልጁን ከሰው ዓይን መደበቅም አለ። ይሄ ወሬ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ትዳር ያፈርሳል፣ ልጅን ከሕክምና ያስቀራል።

በዓለም ላይ ከሚወለዱ 700 ሕፃናት ገደማ አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። የሁላችንም ፊት በማኅፀን ውስጥ ከግራና ከቀኝ እየመጡ ከሚገናኙ ቁርጥራጮች ነው የሚሠራው። ከንፈር የሚገጥመው ከ4ኛው እስከ 7ኛው የእርግዝና ሳምንት ነው፤ ላንቃ ደግሞ እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ። አስቡት እስኪ፣ ከንፈሩ ሲገጥም ብዙዋ እናት እርጉዝ መሆኗን እንኳ በወጉ አላወቀችም። በ6ኛ ወሯ ያየችው ወይም የሰማችው ነገር አስቀድሞ የተሠራን ከንፈር ሊሰነጥቅ አይችልም።

ታዲያ መግጠሙን የሚያበላሸው ምንድን ነው? አንድ ብቻ መልስ የለውም። በደንብ ከተጠኑት ምክንያቶች አንዱ ግን «አይ አር ኤፍ 6» የሚባለው ጂን ነው። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ከሚባሉት ወገን ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ራሳቸው ድንጋይ አይሸከሙም፤ ዲ ኤን ኤ ላይ ተቀምጠው ሌሎች ጂኖችን «አንተ ሥራ ጀምር፣ አንተ ይብቃህ» የሚሉ ናቸው። ግንባታ ላይ እንዳለው ፎርማን ማለት ነው። ፎርማኑ ከቀረ ሠራተኛው አለ፣ ሲሚንቶው አለ፣ ቤቱ ግን ይጣመማል። (ስሙን ያገኘው ቫይረስ በመከላከል ከሚታወቁ የጂን ዘመዶቹ ነው፤ የእሱ ዋና ሥራ ግን ቆዳ ላይ ነው። የሳይንስ ስም እንዲህ ያሳስታል።)

ሥራው ምንድን ነው ካላችሁ፣ የቆዳ ሴሎች መባዛታቸውን አቁመው ወደ በሰለ ቆዳ እንዲቀየሩ ማዘዝ ነው። በዚያውም ፅንሱን ከላይ የሚሸፍን አንድ በጣም ስስ የሴል ሽፋን እንዲሠራ ያደርጋል። የዚህን ሽፋን ጥቅም እንጀራ የምትጋግር እናት ወዲያው ትረዳዋለች፤ ምጣዱ በጎመን ዘር ካልታሰሰ እንጀራው ይጣበቃል። ፅንሱም እንደዚያው ነው፤ ሽፋኑ ከሌለ የማይገባው ነገር ከማይገባው ጋር ይጣበቃል። ላንቃ የሚሆኑት ሁለት ክፍሎች መጀመሪያ ከምላስ ግራና ቀኝ ወደ ታች ተንጠልጥለው ነው የሚያድጉት። በኋላ ከምላስ በላይ ተነሥተው መሃል ላይ መገናኘት አለባቸው። ከምላስ ጋር ከተጣበቁ መነሣት አይችሉም፤ መሃሉ ክፍት ይቀራል።

ይሄ የታወቀው በአይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በየፊናቸው ውጤት አወጡ። አንደኛው ጂኑን ጨርሶ የሌላቸውን አይጦች ሠራ፤ ቆዳቸው የተወጠረ፣ እግራቸው ከሰውነታቸው ጋር የተጣበቀ፣ ላንቃቸው የተሰነጠቀ ሆነው ተወለዱና ወዲያው ሞቱ። ሌላኛው ቡድን ደግሞ ጂኑን ሳያጠፋ በፕሮቲኑ 84ኛ ቦታ ላይ ያለችውን አንዲት አሚኖ አሲድ ብቻ ቀየረ። 84ኛዋ ቦታ ፕሮቲኑ ዲ ኤን ኤን የሚጨብጥባት ናት። ሁለቱም የጂኑ ቅጂዎች ሲቀየሩ አፋቸው ውስጥ መጣበቅ፣ ላንቃቸው ላይ መሰንጠቅ ታየ።

ከዚያ በፊት በ2002 ጂኑ በሰው ላይ የተገኘበት መንገድም ይገርማል። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ነበሩ፤ አንዱ ቫን ደር ውድ የሚባለው ችግር አለበት፣ ሌላው የለበትም። የሁለቱ ዲ ኤን ኤ ሲነጻጸር «አይ አር ኤፍ 6» ላይ አንድ ልዩነት ተገኘ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። በ2014 በናይጄሪያዊው ተመራማሪ አዚዝ ቡታሊ የተመራና አዲስ አበባ የሚሠሩት የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ዶ/ር መኮንን እሸቴ የተሳተፉበት ጥናት ወጣ። ከናይጄሪያና ከኢትዮጵያ የተገኙ ቫን ደር ውድ ያለባቸው 8 ቤተሰቦችና ከዚያ የከፋው ዓይነት (ከጉልበት ጀርባ ቆዳ የሚጣበቅበት) ያለበት 1 ቤተሰብ ጂናቸው ተመረመረ። ከዚያ በፊት በየትም ያልተመዘገቡ ለውጦች ሳይቀሩ ተገኙ። የከፋው ዓይነት በነበረበት ቤተሰብ የተቀየረችው የትኛዋ ቦታ መሰለቻችሁ? ያችው 84ኛዋ፣ አይጦቹ ላይ የተነካችው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቫን ደር ውድ ከሁሉም የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ 2 በመቶ ገደማ ነው። የቀረው ከብዙ ጂኖችና ከእርግዝና ጊዜ ሁኔታ ድብልቅ የሚመጣ ነው፤ በ2019 ከጋና፣ ከኢትዮጵያና ከናይጄሪያ የተወጣጡ ሰዎች ላይ የተሠራ ሰፊ ጥናት ሌሎች ሁለት የጂን ቦታዎችን ጠቁሟል። አይጥና ሰውም አንድ አይደሉም። አንዱ ቅጂ ብቻ የተበላሸበት አይጥ ሲታይ ደህና ነው የሚመስለው፤ ሰው ላይ ግን አንዱ መበላሸቱ ይበቃል።

ይሄ ነው ቤት ውስጥ ያለውን ክስ የሚገለብጠው። ጂኑ ከእናትም ከአባትም እኩል ሊመጣ ይችላል። ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው፤ ወይም እንደ መንትዮቹ ከማንም ሳይወረስ አዲስ ሊፈጠር ይችላል። ምልክቱ ደግሞ በዓይን ይታያል፦ የታችኛው ከንፈር ላይ ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች። አባትየው ዕድሜ ልኩን «ጠባሳ ነው» ብሎ የያዘው ነገር ሊሆን ይችላል። ከንፈሩ ያልተሰነጠቀ ሰውም ጉድጓዶቹ ብቻ ሊኖሩት ይችላሉ፤ አልፎ አልፎም ምንም ሳይታይበት ያስተላልፋል።

ልጁ ከተወለደ በኋላ አስቸኳዩ ነገር ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ምግቡ ነው። ላንቃው ክፍት የሆነ ሕፃን ጡት ስቦ መጥባት ይከብደዋል፤ የሚጎዳውም ረሃቡ ነው። እናት ወተቷን አልባ፣ ልጁን ቀና አድርጋ ይዛ፣ በንጹሕ ማንኪያ ቀስ እያለች ልታጠጣው ትችላለች። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ወይም ጤና ጣቢያውን ክብደቱን እንዲከታተሉ ጠይቁ። ከንፈር በአብዛኛው ከ3ኛ ወር በኋላ፣ ላንቃ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይሠራል። መንገድ ሲዘጋ ቀጠሮ እንደሚያልፍ እኛም እናውቃለን፤ ያለፈው ትልቅ ልጅም ቢሆን ይሠራለታል። ስማይል ትሬን የሚባለው ድርጅት አብረውት በሚሠሩ የአገራችን ሆስፒታሎች ሕክምናው በነጻ እንዲሰጥ ይደግፋል፤ ሪፈር ስትጠይቁ ይሄንንም ጠይቁ።

ስትሄዱ ደግሞ ከንፈር ላይ ጉድጓድ ያለው ዘመድ ካለ ለሐኪሙ ንገሩት። ይህ ጂን ቁስል ሲድንም ሥራ አለው፤ ቫን ደር ውድ ያለባቸው ልጆች ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቁስል ችግር በብዛት እንደሚገጥማቸው በጥናት ታይቷል፤ ሐኪሙም ቀድሞ ካወቀ ክትትሉን ያጠብቃል።