የደም ስብና የነጭ የደም ሕዋሳት ተግባር

የደም ቅዳ መጥበብ ሲነሣ በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው በዝቃጭ የተደፈነ የውሃ ቧንቧ ነው። ምሳሌው ለማስተማር ቢመችም ከነገሩ ግማሹን ይሰውራል። ስቡ የሚከማቸው በደም ቅዳው ግድግዳ ውስጥ ሲሆን፣ በዚያ ከሚያከማቹት ዋነኞቹ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው።

ሩሲያዊው ኒኮላይ አኒችኮቭ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ በሱፍ አበባ ዘይት የሟሟ ኮሌስትሮል በተመገቡ ጥንቸሎች የደም ቅዳ ግድግዳ ውስጥ በስብ የተሞሉ ሕዋሳት መገኘታቸውን ገልጿል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ማክሮፌጅ የተባሉት ጀርምንና የሞተ ሕዋስን እየዋጡ የሚያጸዱ ነጭ ሕዋሳት መሆናቸው ኋላ ታውቋል።

አጽጂው ሕዋስ ስለምን ልክ ያጣል? መልሱን በአብዛኛው የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካውያን ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ናቸው። ማንኛውም ሕዋስ ኮሌስትሮል ተሸካሚ የሆነውን ኤል.ዲ.ኤል. የሚያስገባው በላዩ ባሉ ተቀባዮች አማካይነት ሲሆን፣ በበቃው ጊዜ የተቀባዮቹን ቁጥር ይቀንሳል። ማክሮፌጅ ግን ባሕርዩ የተለወጠውን ኤል.ዲ.ኤል.፣ ለምሳሌ በኦክሲጅን የተበላሸውን፣ የሚውጠው በሌላ በር ነው፤ ይህም በር ሕዋሱ በመጥገቡ አይዘጋም። ስለዚህ በስብ ጠብታ ተሞልቶ አረፋ መሰል ሕዋስ ይሆናል።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ከመጠን ያለፈው ኮሌስትሮል ወደ ክሪስታልነት ሲለወጥ በማክሮፌጅ ውስጥ የሚገኘውን የአደጋ ደወል እንደሚያስነሣ እ.ኤ.አ. በ2010 ተረጋግጧል። በሪህ ሕመም መገጣጠሚያን የሚያቃጥለው የዩሪክ አሲድ ክሪስታልም የሚነካው ይህንኑ ደወል ነው። ደወሉ ሲነሣ ኢንተርሉኪን-1 ቤታ የተባለው መልእክተኛ ይለቀቃል፤ ብግነቱ ይባባሳል፤ ሌሎች ነጭ ሕዋሳትም ወደ ሥፍራው ይጎርፋሉ። ጀርም በሌለበት ጦርነት ተከፈተ ማለት ነው።

ይህ ግንዛቤ በሕክምና የተፈተነው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናት ሲሆን፣ ተሳታፊዎቹ ቀደም ሲል የልብ ድካም አደጋ የደረሰባቸው ከ10,000 በላይ ሕሙማን ነበሩ። ካናኪኑማብ የተባለው መድኃኒት ኤል.ዲ.ኤልን ሳይቀንስ፣ መልእክተኛውን በማገድ ብቻ፣ በ150 ሚሊግራም መጠን ለሞት የማያደርሰውን የልብና የአንጎል አደጋ እንዲሁም በልብና በደም ሥር ሕመም የሚደርሰውን ሞት በድምሩ በ15 በመቶ ያህል አሳንሷል። ይሁን እንጂ ያው መልእክተኛ ተላላፊ በሽታን ለመመከትም የሚያስፈልግ በመሆኑ፣ መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ለሞት የሚያበቃ ኢንፌክሽን በዝቶ ታየ፤ የሟቾችም ጠቅላላ ቁጥር ጉልህ ቅነሳ አላሳየም።