የኮምፒዩተር ገዢ የማይጠይቀው ዕቃ

የኮምፒዩተር ገዢ በዋጋ ሲከራከር የሚያነሣው የፕሮሰሰሩን ፍጥነት፣ የራሙንና የሃርድ ዲስኩን መጠን ነው። ሻጩም ማስታወቂያው ላይ የሚጽፈው እነዚህኑ ነው። ስለ ፓወር ሰፕላዩ የሚጠይቅ ገዢ እምብዛም አይገኝም። በመሆኑም በዋጋ ተወዳድሮ መሸጥ የፈለገ ገጣጣሚ ወጪ ለመቀነስ የሚመቸው ገዢው ከማያየው ከዚሁ ዕቃ ላይ ነው።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ይህን ዓይነቱን ገበያ በአሮጌ መኪና ምሳሌ ገልጸውታል። ሻጩ የዕቃውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ደህናውን ከመጥፎው መለየት ስለማይችል ለሁሉም አማካይ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ ደህና ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ ስለሚከስር ከገበያው ይወጣል። እኚህ ምሁር በ2001 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። የኮምፒዩተር ዕቃ ገበያ ከመኪናው የሚሻለው፣ ጥቂት ስሌት ለሚሠራ ገዢ አንዳንዱ ምልክት በዕቃው ላይ ተጽፎ መገኘቱ ነው።

ለምሳሌ ፓወር ሰፕላይ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን ፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ በዋናነት የሚጠቀሙት ከ12 ቮልቱ መስመር ነው። ከጎኑ ባለው ሰንጠረዥ ላይ ለዚህ መስመር የተጻፈው 18 አምፔር ከሆነ፣ 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ብቻ ይመጣል። ትልቁ ቁጥር ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ ሊሆን ይችላል። «ኤይቲ ፕላስ» የሚለው ማኅተምም ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነበባል። በ2004 የተጀመረው ይህ ምልክት የሚናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ብክነት ነው፤ ዕቃው ስንት ዓመት እንደሚያገለግል አይናገርም።

የፓወር ሰፕላይም ሆነ የማዘርቦርድ ዕድሜ በአብዛኛው የሚንጠለጠለው ካፓሲተር በምትባል ትንሽ ዕቃ ላይ ነው። በውስጧ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ቀስ በቀስ ይደርቃል። በሙያው የተለመደው ስሌት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜዋ በእጥፍ ይረዝማል ይላል። በ105 ዲግሪ ሙቀት 2,000 ሰዓት ትሠራለች የተባለች ካፓሲተር በ65 ዲግሪ ወደ 32,000 ሰዓት ትቆያለች። በ85 ዲግሪ 2,000 ሰዓት የተባለችው ግን በዚያው በ65 ዲግሪ 8,000 ሰዓት ብቻ ነው የምትቆየው፤ ቀንና ሌት ለሚሠራ ማሽን ይህ 11 ወር ማለት ነው። ሁለቱ በመጠን ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ የዋጋቸውም ልዩነት ከኮምፒዩተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ከምንም አይቆጠርም።

ይሁንና ታዋቂ ስም ብቻውን ዋስትና አይደለም። ዴል ከ2003 እስከ 2005 ለቢሮዎች ከሸጣቸው የኦፕቲፕሌክስ ኮምፒዩተሮች ብዙዎቹ ካፓሲተራቸው እያበጠና እየፈሰሰ ተበላሽተዋል። ኩባንያው ለዚሁ ጥገና በ2005 ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ወጪ መዝግቧል። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ታዲያ ክዳኑን አስከፍቶ የካፓሲተሮቹን አናት ቢመለከት አይጎዳም። ያበጠ ወይም ቡናማ ነገር ያንጠባጠበ ካለ ዋጋ መከራከሩ ትርፍ ነው።

በሃርድ ዲስክ ደግሞ ገዢን የሚያታልለው የፋብሪካው ቁጥር ነው። «አማካይ ዕድሜ 1,000,000 ሰዓት» የሚል ጽሑፍ ያነበበ ሰው 114 ዓመት ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። ትርጉሙ ግን ከ1,000 ዲስኮች በዓመት 9 ያህሉ ይበላሻሉ ነው። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 ወደ 100,000 የሚጠጉ ዲስኮችን መዝገብ መርምረው፣ በተግባር በዓመት የሚተኩት ብዙ ጊዜ ከ1,000ው ከ20 እስከ 40 እንደሆኑ፣ አንዳንድ ቦታም እስከ 130 እንደሚደርሱ አሳይተዋል። በዚያው ዓመት የወጣው የጉግል ጥናት ደግሞ፣ በፍተሻ ወቅት የመጀመሪያውን ስሕተት ያሳየ ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ስሕተት ካላሳየው 39 እጥፍ መሆኑን አረጋግጧል። «ትንሽ ይንገራገጫል እንጂ ይሠራል» የሚባለው ዲስክ እንግዲህ ይኸው ነው። የሒሳብ መዝገቡን በእንዲህ ዓይነቱ ዲስክ ላይ ያስቀመጠ ነጋዴ የሚያጣው የዲስኩን ዋጋ አይደለም፤ የማን ዕዳ ስንት እንደሆነ ነው።

የመብራቱም ነገር አለ። በአዲስ አበባ ብዙ ቢሮዎች ስታብላይዘር ገዝተው ሥጋቱ ያለቀ ይመስላቸዋል። ስታብላይዘር የቮልት መዋዠቅን ያስተካክላል፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ማሽኑም አብሮ ይጠፋል። በዚያች ቅጽበት እየተጻፈ የነበረውን ሰነድ የሚያድነው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ነው፤ የእርሱም ባትሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መለወጥ አለበት።

20 ወይም 30 ማሽን በአንድ ጊዜ የሚገዛ ድርጅት ሁለት ነገር ማድረግ ይችላል። አንደኛው፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሚለይ፣ ማሽኖቹን እንደገቡ ሥራ አብዝቶ ሳያቋርጡ ማሠራትና ቀሪውን ክፍያ ከዚያ በኋላ መፈጸም ነው። ሁለተኛው ደረሰኙን ይመለከታል። «ኮምፒዩተር፣ ብዛት 20» ብሎ የሚያበቃ ደረሰኝ በጋራንቲ ክርክር ጊዜ እምብዛም አይረዳም፤ የማዘርቦርዱ፣ የዲስኩና የፓወር ሰፕላዩ ሞዴልና መለያ ቁጥር በየማሽኑ ተዘርዝሮ ሊጻፍበት ይገባል።