የሚደማ ድድና አዳዲስ የደም ሥሮች

በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ከተሞች ማለዳ ወደ ሥራ ከመሰማራት በፊት በመፋቂያ ወይም በብሩሽ ጥርስን ማጽዳት የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ ከምራቅ ጋር የሚታየውን ጥቂት ደም ግን ብዙ ሰው የመፋቂያው ሻካራነት ያመጣው አድርጎ በመቁጠር ቸል ይለዋል። ይሁንና ጤነኛ ድድ በለዘብታ ሲጸዳ እንደማይደማ፣ ደጋግሞ የሚደማ ድድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ የደም ሥሮች እየሰፉና እየበዙ መሆናቸውን እንደሚያመለክት የሕክምናው ሳይንስ ያስረዳል።

የበሽታው መነሻ ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ የሚከማች የባክቴሪያ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ በየዕለቱ ካልተወገደ ከምራቅ በሚያገኘው ማዕድን እየጠጠረ ይሄድና በመፋቂያም ሆነ በብሩሽ የማይለቅ ይሆናል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ሥፍራው የሚልክ ሲሆን፣ ለዚሁ ተግባር ነባሮቹ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ አዳዲሶችም ይበቅላሉ። የአዳዲሶቹን እድገት ከሚመሩት መካከል ዋነኛው ቪኢጂኤፍ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ እ.ኤ.አ በ1983 በመጀመሪያ የታወቀው የደም ሥርን ግድግዳ አሳላፊ በማድረጉ ነበር፤ የሥሮችን እድገት ቀስቃሽነቱ በ1989 ይፋ ሆኗል። ሁለቱም ባሕርያት በታመመ ድድ ላይ ይታያሉ። በጥድፊያ የተዘረጋ የውኃ መስመር እንደሚያፈስ ሁሉ፣ እነዚህ ሥሮችም ፈሳሽ ስለሚያሳልፉና በቀላሉ ስለሚሰበሩ ድዱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ በትንሽ ንክኪም ይደማል።

ተመራማሪዎች ይህን የሚያዩት ከድድ ላይ በሚወሰድ ጥቂት ሥጋ ነው። ሲዲ 31 እና ሲዲ 34 የተባሉት መለያ ፕሮቲኖች በደም ሥሮች ውስጠኛ ገበር ላይ ስለሚገኙ፣ በልዩ ማቅለሚያ ሲለዩ ሥሮቹን በማይክሮስኮፕ መቁጠር ይቻላል። ኤምኤምፒ 8 የተባለው ኢንዛይም ደግሞ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን ኮላጅን የሚሰባብር በመሆኑ፣ በድድ ሥር በሚገኘው ፈሳሽ ውስጥ መብዛቱ የጉዳቱን ሂደት ይጠቁማል። ሆኖም አዳዲስ የደም ሥሮች ቁስል በሚሽርበት ጊዜም አስፈላጊ ስለሆኑ መብዛታቸው ብቻውን ጥፋት ነው ማለት አይቻልም፤ የጥናቶቹ ውጤትም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ መለያዎቹ ይበልጥ የምርምር መሣሪያ ናቸው። ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ነቀምቴ የሚኖር ታማሚ ሕመሙን ለማወቅ ናሙና ወደ ዋና ከተማ መላክ አይጠበቅበትም። በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ቀጭን መመርመሪያ፣ መስታወትና ራጅ ለዚህ ይበቃሉ። በድድና በጥርስ መካከል ያለው ክፍተት እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን እንደ ጤነኛ የሚቆጠር ሲሆን፣ 4 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ክትትል ያሻዋል።

ምልክቱን የሚሸፍኑ ልማዶችም አሉ። በልዩ ልዩ የሀገራችን አካባቢዎች ለውበትም ለመድኃኒትነትም ሲባል ድድን በጥላሸት መነቀስ ለረጅም ዘመን የቆየ ልማድ ነው። የተነቀሰ ድድ መቅላቱ በግልጽ ስለማይታይ መድማቱን በጥንቃቄ መከታተል ያስፈልጋል፤ በጋራ በሚጠቀሙበት እሾህ ወይም መርፌ ምክንያት የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊተላለፉ መቻላቸውም ሌላው አደጋ ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በበኩሉ ድዱ እምብዛም ላይደማ ይችላል፤ ይህ ግን የጤንነት ማስረጃ አይደለም። እንዲያውም አጫሾች አጥንታቸው ይበልጥ ይጎዳል።

ድዳቸው ሲደማ ጥርሳቸውን ማጽዳት የሚያቆሙ ሰዎች ችግሩን ያባብሱታል። እ.ኤ.አ በ1965 ሃራልድ ሎና ባልደረቦቹ በዴንማርክ ባካሄዱት ጥናት 12 ጤነኛ ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደርጎ፣ ከ10 እስከ 21 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ሁሉም የድድ ብግነት ታይቶባቸዋል። ማጽዳቱን ሲቀጥሉ ድዳቸው በአንድ ሳምንት ገደማ ተመልሷል። በሽታው ወደ አጥንት ከዘለቀ ግን ሕክምናው ጉዳቱ እንዲቆም ያደርጋል እንጂ የጠፋውን አጥንት እንደ ቀድሞው አይመልስም። ከቡና ጋር የሚቀርበውን ቆሎ ማኘክ ያስቸገረው ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ደረጃ አልፏል፤ ሕመም ሳይሰማው መቆየቱም ለመዘግየቱ ምክንያት ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከባድ የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ከ1 ቢሊዮን በላይ መሆናቸውን ገምቷል።

ከዚህ ሁሉ ለጤና አገልግሎት አመራሮች ይበልጥ የሚጠቅመው በሽታው ከስኳር ሕመም ጋር ያለው ትስስር ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ሲጨምር ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳሉ፣ ድድም ለብግነት ይጋለጣል፤ የድድ ብግነት በተራው የስኳሩን መጠን መቆጣጠር ያስቸግራል። በነቀምቴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም ሆነ በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች የጤና ተቋማት ለስኳር ክትትል የሚመጡ ታማሚዎችን «ድድዎ ይደማል?» ብሎ መጠየቅ ተጨማሪ በጀትም ሆነ መሣሪያ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የግል ንጽሕናን ከትምህርት ርዕሶቹ አንዱ አድርጎ የያዘ በመሆኑ፣ ይኸው ጥያቄ በየቤቱ ሊነሳ የሚችል ነው።